የኩላሊት ሕመምና የየሕዝቡ ታሪክ

በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለነዋሪዎች የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ኩላሊቱ የደከመ ሰው ቤተሰብ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ከሚያስጨንቁት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ «ይህ ሕመም በዘር የሚመጣ ነው ወይ?» በዚህ ጥያቄ ውስጥ ሌሎች ሥጋቶች ተሸሽገዋል። ልጆቼም ይይዛቸዋል? ወንድሜ ኩላሊቱን ቢሰጠኝ ነገ እሱስ አይታመምም? ልጄን ሽማግሌ ቢጠይቃት ምን ብዬ ልመልስ? እነዚህን ሥጋቶች ማቃለል አይገባም። በቂ እውቀት ላይ የቆመ መልስ ይገባቸዋል።

መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልስጣችሁ። የኩላሊት ሕመም አንዳንዱ በዘር ይተላለፋል፤ አብዛኛው ግን በደም ግፊት፣ በስኳርና በሌሎች ምክንያቶች ይመጣል፤ በዘር የሚተላለፈውም ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል፤ ልዩነቱን የሚወስነው እያንዳንዱ ሕዝብ የኖረበት ቦታና የመጣበት ታሪክ ነው። የቆዳ ቀለምም ሆነ የአህጉር ስም ይህን አይነግረንም። ለዚህ ከዓለም ሁሉ ጥሩ ምስክር የሚሆኑት ደግሞ እኛው ኢትዮጵያውያን ነን። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ «ዓመተ ምሕረት» ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኩላሊትና ዘረ መል

አንድ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። አብዛኛውን ወደ ደም ይመልሱና ትርፉን በሽንት ያስወጣሉ። ማጣሪያው እንደ ጠላ ማጥለያ ነው፤ ሸማው ከተቀደደ አተላው ከጠላው ጋር ያልፋል። በኩላሊት ሲሆን የሚያልፈው ፕሮቲንና ደም ነው። ሽንት አረፋ የሚያበዛው፣ እግርና የዓይን ሽፋን የሚያብጠውም አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቲን ሲፈስ ነው።

ማጣሪያው የተሠራው ከልዩ ልዩ ፕሮቲኖች ነው። እያንዳንዱ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝዘው መመሪያ ዘረ መል ይባላል። ከአባት አንድ፣ ከእናት አንድ፣ ሁለት ቅጂ እንወርሳለን። በመመሪያው ላይ የሚከሰት ለውጥ ሚውቴሽን ነው። ብዙው ለውጥ ጉዳት የለውም፤ አንዳንዱ ይጎዳል፤ ጥቂቱ ደግሞ በአንድ በኩል እየጠቀመ በሌላ በኩል ይጎዳል። ይህን የመጨረሻውን ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጎጂው ለውጥ በዋናነት የሚወረስበት መንገድ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ከወላጆች የአንዱ ቅጂ ብቻ ሕመሙን ለማምጣት ሲበቃ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ሕመሙ የሚታየው ሁለቱም ቅጂዎች ሲበላሹ ነው፤ አባትና እናት ራሳቸው ጤነኞች ሆነው ልጃቸው ሊታመም ይችላል። ሦስተኛው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ የሚገኝ ለውጥ ነው፤ ወንዶችን ጠንከር አድርጎ ይመታል፤ እናቶች ግን ቀለል ባለ ሁኔታ ተሸክመው ለልጆቻቸው ያስተላልፋሉ።

የሁሉም የሆነውና የጥቂቶች የሆነው

የመጀመሪያው መንገድ ዋና ምሳሌ ኩላሊትን ውሃ በቋጠሩ ከረጢቶች የሚሞላው በሽታ ነው። ከረጢቶቹ ዓመት በዓመት እያደጉ ጤነኛውን የኩላሊት ሥጋ ይጫኑታል፤ የደም ግፊትም ይጨምራል። ዋናዎቹ ሁለት ዘረ መሎች በ1994 እና በ1996 ተለይተዋል። ይህ በሽታ በአውሮፓ፣ በእስያ፣ በአፍሪካ፣ በሁሉም ሕዝብ ዘንድ ይገኛል። ለውጡ በየቤተሰቡ የተለያየ ነው፤ በየትውልዱም አዲስ ይፈጠራል። ስለዚህ በቤተሰቡ ታሪክ የሌለበት ሰውም አንዳንድ ጊዜ ይታመማል።

የሦስተኛው መንገድ ምሳሌ አልፖርት የሚባለው ሕመም ነው። ሐኪሙ ሴሲል አልፖርት በ1927 ሽንታቸው ደም የቀላቀለና መስማት የተሳናቸው ሰዎች ያሉበትን አንድ የእንግሊዝ ቤተሰብ ገልጾ ጻፈ። የሚበላሸው የማጣሪያውን ገበር የሚያጠነክር ኮላጅን ነው፤ ያው ኮላጅን በጆሮ ውስጥም ስላለ ኩላሊትና ጆሮ አብረው ይደክማሉ። እናንተ ቤት ውስጥ በወጣትነታቸው ጆሯቸው የደነቆረ፣ ኋላም በኩላሊት የታመሙ ወንድ ዘመዶች ካሉ ይህን ለሐኪም መንገር ይገባችኋል።

ወደ ሁለተኛው መንገድ ስንመጣ የሕዝብ ታሪክ ጎልቶ ይወጣል። በፊንላንድ ገና ሲወለዱ ፕሮቲን በሽንታቸው የሚፈስ ሕፃናት አሉ። በዚያች አገር ከ8,000 እስከ 10,000 ከሚሆኑ ልደቶች አንዱን ያጋጥማል፤ በሌላው ዓለም ግን እጅግ ብርቅ ነው። የካርል ትሪግቫሶን ቡድን በ1998 ዘረ መሉን ሲያገኘው፣ የፊንላንድን ሕሙማን ከሞላ ጎደል በሙሉ የያዙት ሁለት ለውጦች ብቻ ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ ምንድን ነው? የፊንላንድን ምሥራቅና ሰሜን ያቀኑት ጥቂት ቤተሰቦች ነበሩ። ለብዙ ትውልድ ከሌላው ተነጥለው በየመንደራቸው እርስ በርስ ተጋቡ። ከጥቂት ቅድመ አያቶች የወጣው ለውጥ በሺዎች ልጆች ውስጥ ተባዛ።

በዚህ ረገድ እኛ የወረስነው አንድ መልካም ሥርዓት አለ። በብዙ የኢትዮጵያ ሕዝቦች ዘንድ፣ በአማራውም ቤት፣ ጋብቻ ከመታሰሩ በፊት ዘመድ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አባቶቻችን ስለ ዘረ መል አያውቁም ነበር፤ ሥርዓታቸው ግን ሁለት የተበላሹ ቅጂዎች በአንድ ልጅ ላይ የሚገናኙበትን ዕድል ይቀንሳል። ሆኖም አንድ ቅጂ ብቻ የሚበቃውን በሽታ ሰባት ቤት መቁጠር አያቆመውም። ለዚያ ሌላ ነገር ያስፈልጋል፤ በቤተሰብ ውስጥ በግልጽ መነጋገር።

ኢትዮጵያውያን የሰጡት ምስክርነት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በ1984 በኒው ዮርክ ብሩክሊን የሚሠሩ ሐኪሞች ኤድስ በያዛቸው ሰዎች ላይ ኩላሊትን በጥቂት ወራት የሚያጠፋ ሕመም አስተዋሉ። ቆየት ብሎ ሕመሙ ከኤችአይቪ ጋር የተያያዘ መሆኑ ታወቀ። ከሕሙማኑ እጅግ የሚበዙት ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ከዚያ በኋላ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ አንድ አስተሳሰብ ሥር ሰደደ፦ አፍሪካዊ ዘር ያለው ሰው በኤችአይቪ ከተያዘ ኩላሊቱ ለአደጋ የተጋለጠ ነው ተባለ።

በእስራኤል ሃይፋ የራምባም ሆስፒታል ሐኪሞች ግን የሚያዩት ነገር ከዚህ ጋር አልገጥም አላቸው። ኤችአይቪ ያለባቸው ትውልደ ኢትዮጵያ እስራኤላውያን ይታከሙ ነበር፤ ያ የኩላሊት ሕመም ግን በእነሱ ላይ አልታየም። ዶሮን ቤሃር፣ ካርል ስኮሬኪና ባልደረቦቻቸው ይህን በ2006 አሳተሙ። ጥያቄው ግልጽ ነበር። አፍሪካዊነት ራሱ ምክንያቱ ከሆነ ኢትዮጵያውያን እንዴት ዳኑ?

መልሱ በ2010 መጣ። በቦስተን ማርቲን ፖላክና ባልደረቦቹ፣ በሃይፋም የስኮሬኪ ቡድን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ አንድ ዘረ መል አመለከቱ። ስሙ አፖኤል ዋን ነው፤ በ22ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። ጂ ዋን እና ጂ ቱ የሚባሉ ሁለት ለውጦች አሉት። ከእነዚህ በድምሩ ሁለት ቅጂ የወረሰ ሰው ለኩላሊት ድካም ያለው ተጋላጭነት በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ከጥቁር አሜሪካውያን 13 በመቶ ያህሉ ሁለት ቅጂ አላቸው። በኤችአይቪ ተይዘው ሕክምና ካላገኙት ባለ ሁለት ቅጂዎች ግማሽ ያህሉ ያ ከባድ ሕመም ይደርስባቸዋል። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባን ሌላም ነገር አለ፤ ኤችአይቪን የመሰለ ሌላ ምክንያት ካልተደረበበት፣ ሁለት ቅጂ ካላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ኩላሊታቸው ሳይደክም ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ።

የሃይፋው ቡድን በዚያው ዓመት ከ12 የአፍሪካ ሕዝቦች የተወሰደ የ676 ሰዎች ናሙና መረመረ። ከእነሱ 304ቱ ከአራት የኢትዮጵያ ሕዝቦች የመጡ ነበሩ። በምዕራብ አፍሪካ ለውጦቹ በብዛት ተገኙ፤ በናይጄሪያ ዮሩባዎች ዘንድ ጂ ዋን ብቻውን ከዘረ መሉ ቅጂዎች ሲሶ በላይ ይዟል። ከኢትዮጵያውያኑ ናሙና ግን አልተገኙም። በ2011 ደግሞ በአንድ የእስራኤልና በአንድ የኢትዮጵያ ማዕከል የሚታከሙ፣ ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው 338 ኢትዮጵያውያን ተመረመሩ። ጂ ዋንም ጂ ቱም አልተገኘባቸውም፤ ያ የኩላሊት ሕመምም እንዲሁ። ለዚህ ምርምር ደማቸውን የሰጡ ሰዎች ለዓለም ሕክምና አንድ ትልቅ እውነት አስረድተዋል፤ «አፍሪካዊ» ተብሎ በአንድ ስም የተጠራው ሕዝብ ብዙ ታሪክ ያለው ብዙ ሕዝብ መሆኑን።

ዝንብ፣ ደም እና ተራራ

ጎጂ ለውጥ በምዕራብ አፍሪካ እንዴት ይህን ያህል ሊበዛ ቻለ? የአፖኤል ዋን ፕሮቲን በደማችን ውስጥ የሚዘዋወር ወታደር ነው። ትሪፓኖሶማ የሚባለውን፣ በቆላ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውን ጥገኛ ተሕዋስ ሽፋኑን በስቶ ይገድለዋል። በከብቶቻችን ላይ ገንዲን የሚያመጣው የዚህ ተሕዋስ ወገን ነው። አብዛኛው ዓይነት ሰውን የማይዘው ይህ ፕሮቲን ስላለን ነው። ሁለት ዓይነቶች ግን ከፕሮቲኑ የሚያመልጡበትን ዘዴ አገኙና ሰውን የእንቅልፍ በሽታ ያሲዙት ጀመር። ከዚያ ጂ ዋን እና ጂ ቱ መጡ። አንድ ቅጂ ያለው ሰው ተሕዋሱን የመቋቋም ብርታት ያገኛል፤ ብዙ ልጅ ያሳድጋል፤ ለውጡም ይባዛል። ሁለት ቅጂ ያገኘው ደግሞ በኩላሊቱ ይከፍላል። በመጀመሪያ ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህ ነው፤ አንድ ለውጥ በአንድ በኩል አዳኝ፣ በሌላ በኩል ጎጂ ሲሆን።

እነዚህ ለውጦች ባለፉት 10,000 ዓመታት ውስጥ በምዕራብ አፍሪካ እንደተነሡ ይገመታል። በእኛ አገር ግን የቆላ ዝንብ ደጋ አይወጣም፤ አዲስ አበባ ያለችበት ከፍታ ለእሱ አይመቸውም። ሆኖም ዝንቡ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ቆላዎቻችን፣ በባሮ፣ በኦሞ፣ በጊቤና በዴዴሳ ሸለቆዎች ዛሬም አለ። በ1967 በጋምቤላ በኩል የእንቅልፍ በሽታ በሰው ላይ መከሰቱ ተመዝግቧል።

ስለዚህ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስባችሁ። አራት ሕዝቦች ኢትዮጵያን አይጨርሱም። ከሰማንያ የሚበልጡ ብሔረሰቦች አሉን፤ ከራስ ዳሸን እስከ ዳሎል፣ ከሐረር እስከ ጋምቤላ የኖርንበት አየርና የተጋፈጥነው በሽታ ይለያያል። በዚህ ክፍለ ከተማ ብቻ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከጎፋ እስከ ለቡ፣ ከአገሩ ማዕዘን ሁሉ የመጣ ሰው ጎን ለጎን ይኖራል። «ኢትዮጵያዊ ነህና ይህ ለውጥ የለብህም» ብሎ መደምደም፣ «ጥቁር ነህና አለብህ» ከማለት የሚለየው በመጠን ብቻ ነው። የአንድን ሰው ነገር የሚያሳውቀው የራሱ ምርመራ ነው።

የቆዳ ቀለም በላቦራቶሪ

ይህ የላቦራቶሪ ወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ያሉ ልጆቻችንን፣ እህት ወንድሞቻችንን በቀጥታ ነክቷል። የኩላሊት አቅም የሚለካው በደም ውስጥ ካለው ክሬቲኒን በቀመር ተሰልቶ ነው። በ2009 የወጣው፣ በሰፊው የተሠራበት ቀመር፣ ሕመምተኛው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.159 ያባዛ ነበር። በአሜሪካ የኩላሊት እጥበት ያልጀመረ ሰው ለኩላሊት ንቅለ ተከላ የጥበቃ ተራ እንዲቆጠርለት ውጤቱ 20 ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። እንግዲህ በዋሽንግተን የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ አቅሙ 18 ሆኖ ሳለ ቀመሩ ወደ 21 ያደርስበት ነበር። ተራ መያዝ የሚገባው ሰው «ገና ነህ» ይባል ነበር ማለት ነው። ሰውየው ከየት እንደመጣ፣ እናቱ ጎንደሬ ትሁን ናይጄሪያዊት፣ ቀመሩ አይጠይቅም ነበር።

በ2021 የአሜሪካ የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበርና ብሔራዊው የኩላሊት ፋውንዴሽን ያቋቋሙት ግብረ ኃይል ዘር የሌለበት ቀመር ሥራ ላይ እንዲውል አሳሰበ። ከጥር 2023 ጀምሮም የአገሪቱ የንቅለ ተከላ መረብ ሆስፒታሎች በቀድሞው ቀመር የዘገዩ ጥቁር ሕመምተኞችን የጥበቃ ጊዜ እንዲያስተካክሉ አዘዘ። በአሜሪካ ዘመድ ያላችሁ፣ በእጥበት ላይ ካለ ወይም ተራ ከያዘ፣ ይህ ማስተካከያ እንደተደረገለት እንዲጠይቅ ንገሩት።

በ2023 ሌላም ተስፋ ታየ። የአፖኤል ዋንን ፕሮቲን የሚገታ ኢናክሳፕሊን የተባለ እንክብል በ16 ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ በአግባቡ በወሰዱት 13 ሰዎች ላይ በ13 ሳምንት ውስጥ በሽንት የሚፈሰውን ፕሮቲን በግማሽ ገደማ ቀነሰ። መድኃኒቱ ገና በሙከራ ላይ ያለና ሁለት ቅጂ ላላቸው ሰዎች የታሰበ ነው። ለውጡ የሌለበትን ሰው በቆዳው ቀለም ተመርቶ ይህን መድኃኒት መስጠት ከንቱ ድካም ይሆናል። ከእንግዲህ የሚመጡት ብዙ መድኃኒቶች እንዲህ ያሉ ይሆናሉ፤ የማን ዘረ መል ምን እንደያዘ ያላወቀ አገር እነዚህን መድኃኒቶች መምረጥ ይቸግረዋል።

በቤተሰብ የታየ ሁሉ በዘር የመጣ አይደለም

ተቃራኒውን ስሕተትም ልንጠነቀቅ ይገባል። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሰው ከታመመ ዘር ነው ብሎ መደምደም ይቀናናል። የስምጥ ሸለቆን ሰው ተመልከቱ። በወንጂና በአካባቢው ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው ይበልዛል፤ አባትም ልጅም። ምክንያቱ የጉድጓዱ ውሃ የያዘው ፍሎራይድ ነው፤ በዘር አልመጣም። በባልካን አገሮችም በዳኑብ ገባሮች ዳር ባሉ መንደሮች የኩላሊት ሕመም ከቤተሰብ ቤተሰብ ሲወርድ ለአሥርተ ዓመታት ታይቷል። በመጨረሻ ከስንዴው ጋር አብሮ የሚታጨድ የአሪስቶሎኪያ አረም ዘር ዱቄቱን እንደሚመርዝ ተደረሰበት። ቤተሰብ ዘርን ብቻ አይጋራም፤ ውሃውን፣ እንጀራውን፣ የሚቀምመውን ቅጠል ጭምር ይጋራል።

የአፖኤል ዋን ለውጥ በተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ዘንድ አለመገኘቱም ከኩላሊት ሕመም አያድነንም። ያልታከመ የደም ግፊትና ስኳር ማንንም አይምሩም። ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም ከፋርማሲ እየተገዛ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት የሚዋጠው ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌንም ኩላሊትን ይጎዳል።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በቤተሰብ እንነጋገር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገራችን ሰው። ልጄ ባል ታጣለች፣ ቤታችን መጥፎ ስም ይወጣለታል ተብሎ የአጎት፣ የአያት ሕመም ይሸሸጋል። የተሸሸገው ግን በቀጣዩ ልጅ ላይ ሳይታሰብ ይመጣል፤ ያኔ ሐኪም ዘንድ የሚደረሰው ኩላሊቱ ካለቀ በኋላ ይሆናል። ማን፣ በስንት ዓመቱ፣ በምን እንደታመመ ታላላቆቻችሁን ጠይቃችሁ መዝግቡ። የወረሰ ሰው ጥፋት የለበትም፤ ያወረሰም እንዲሁ።

ሁለተኛ፣ በቤተሰቡ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሳይታመም ይመርመር። የደም ግፊት መለካትና የሽንት ምርመራ በጤና ጣቢያ ይደረጋል። ክሬቲኒንና አልትራሳውንድ ሐኪሙ ሲያዝዝ ይከተላሉ። በአልፖርት ሕመም ፕሮቲን መፍሰስ ከጀመረ ኢናላፕሪልን የመሰሉ የደም ግፊት መድኃኒቶች የኩላሊቱን ድካም ለዓመታት ያዘገያሉ፤ በሐኪም ክትትል የሚወሰዱ፣ ለነፍሰ ጡር የማይሰጡ ናቸው። ዘረ መሉን መለወጥ ባንችልም የሚያደርሰውን ጉዳት ማዘግየት እንችላለን።

ሦስተኛ፣ ስለ ለጋሽ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን ተጀመረ። ለጋሾቹ በሕይወት ያሉ ዘመዶች ናቸው። ይህ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ፍቅር ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል፤ ነገር ግን ዘመድ የሚጋራው ደም ሕመሙንም ሊጋራ ይችላል። ውሃ በሚቋጥረው የኩላሊት በሽታ የታመመ ሰው ወንድም የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ዕድሜው ከ40 በታች ከሆነ አልትራሳውንዱ ንጹሕ ስለሆነ ብቻ ነፃ ነው ማለት ይከብዳል፤ የዘረ መል ምርመራ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ለጋሹን ደጋግሞ ሲመረምር ቤተሰቡ መዘግየት አድርጎ አይየው። ሁለት ሕይወት በአንድ ጊዜ እየጠበቀ ነው።

አራተኛና የመጨረሻው ለመንግሥት፣ ለዩኒቨርሲቲዎቻችንና ለእኛም ነው። ስለ ኢትዮጵያውያን ኩላሊት የተገኘው ያ ትልቅ እውቀት በአብዛኛው የተገኘው በባዕድ ላቦራቶሪ ነው፤ የተመረመሩትም ከሕዝቦቻችን ጥቂቶቹ ናቸው። የፊንላንድ ሕፃናት መልስ ያገኙት ፊንላንዳውያን የራሳቸውን ሕሙማን በጥንቃቄ መዝግበው ስላጠኑ ነው። እኛም በየሆስፒታሉ እጥበት ላይ ያሉ ወገኖቻችን ለምን እንደታመሙ፣ ከመካከላቸው በዘር የመጣበት ማን እንደሆነ፣ የሚመዘግብ ብሔራዊ መዝገብ ያስፈልገናል። ምርምሩም በአገራችን ቋንቋ ተብራርቶ፣ በሰው ፈቃድ ተሠርቶ፣ ውጤቱ ደሙን ለሰጠው ሰው ተመልሶ የሚነገር ይሁን። እንዲህ ያለ ምርምር ሲመጣና ፈቃዳችሁ ሲጠየቅ፣ «ለምን ይጠቅማል? ናሙናዬስ የት ይሄዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። አጥጋቢ መልስ ካገኛችሁም ተሳተፉ። በዚህ ክፍለ ከተማ ከየአገሩ ማዕዘን የተሰበሰበው ሕዝብ ለጥናቱ ፈቃዱን ከሰጠ፣ «በዘር የሚመጣ ነው ወይ?» ብላ ለምትጠይቅ እናት ሐኪሙ በእሷ ሕዝብ ላይ በተሠራ ጥናት ተመሥርቶ ይመልስላታል።